ሥዕሉን ያበላሸ ስግደት

አባቴ ከቡሬ ወጣ ብላ በምትገኝ የገጠር ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግሉ ቄስ ናቸው። ጭናቸው ላይ የወጣውን እብጠት በጠበል ሲያባብሉት ከርመው፣ ሲብስባቸው ፍኖተ ሰላም ወሰድኋቸው። እዚያ ያየን ሐኪም ወደ አዲስ አበባ ላከን። የጡንቻ ካንሰር ነበር። የቀረው ጥያቄ አንድ ነው፤ ከጭናቸው አልፎ ሄዷል ወይስ አልሄደም? ካልሄደ እግራቸው ተቆርጦ ይድናሉ። ከሄደ ግን መቁረጡም አይረባቸውም።

ይህን የሚለየው ሁለት ሥዕል አዳብሎ የሚያነሣ መሣሪያ ነበር። አንደኛው የአካልን ቅርጽ ያሳያል፤ ሁለተኛው በመርፌ የተሰጠው ስኳር የት እንደተከማቸ ያሳያል፤ ካንሰር ስኳር ይሻማልና። ከማታ ጀምሮ እህል እንዳይቀምሱ ሲነገራቸው አባቴ ፈገግ አሉ። ሁዳዴ ነው፤ ጾም ለእሳቸው ምን ብርቅ ነው? ከመርፌው በኋላ አንዲት ነርስ ለብቻቸው ክፍል አስገብታ፣ እስኪጠሩ ድረስ ሳይንቀሳቀሱ እንዲተኙ ነገረቻቸው፤ የሠራ ጡንቻም ስኳሩን ይስባልና። እኔ የአውቶቡሱ ድካም አልለቀቀኝም ነበርና ውጭ ወንበር ላይ አንቀላፋሁ።

ሥዕሉ ሲወጣ ያየችው ሐኪም ግንባሯን ቋጠረች። ሁለቱም ጭኖች፣ ትከሻው፣ ጀርባው፣ ሁሉም ስኳሩን ስቦ ደምቋል፤ ሕመሙን ከደኅናው ሥጋ መለየት አልተቻለም። ምን ሲሠሩ ነበር ብላ ጠየቀቻቸው። አባቴ ሳያፍሩ ነገሯት፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ስግደታቸውን አድርሰዋል።

ተናደድሁ። ያን ሁሉ መንገድ መጥተን፣ ስንቱን ለምነን ያገኘነውን ቀጠሮ! አባት ናቸውና አፌን ያዝሁ እንጂ፣ እግዜርስ ለአንድ ቀን አይታገሣቸውም ነበር ወይ እያልሁ ነበር። ሐኪሟ እስከ ሁለተኛው ቀጠሮ እንዳይሰግዱ ከለከለቻቸው። እሺ አሉ።

በሳምንቱ ተመለስን። አባቴ እንደታዘዙት ንቅንቅ ሳይሉ ተኙ። ሥዕሉ ጠርቶ ወጣ፤ ሕመሙ ከጭናቸው አልወጣም ነበር። ሐኪሟ ደስ ብሏት፣ በነጋታው ለቀዶ ጥገና እንዲገቡ ነገረችን። እኔ ተመስገን አልሁ። አባቴ ጉልበታቸውን ይዳስሱ ነበር።

ውጭ ታክሲ ስንጠብቅ አላስችል አለኝና ያን ቀን ለምን እንዲያ እንዳደረጉ ጠየቅኋቸው።

“ፍኖተ ሰላም ሳለን ሐኪሙ ነግሮኛል፣ ልጄ” አሉ። “ቢበጅ እግሬ ተቆርጦ ይቀራል፣ ቢከፋ እኔው እቀራለሁ። እንግዲያ አንድ ጊዜ በሁለት ጉልበቴ ልውደቅለት ብዬ ነው።”

ታክሲው ሲመጣ ክንዳቸውን ልይዝ እጄን ዘረጋሁ።

“ተዪኝ፣ ገና በራሴ እወጣለሁ” ብለው ቀድመውኝ ገቡ።