የተቃጠሉት ችካሎች

ሥራዬ አበባ መቁጠር ነው። እናቴ ግን ሰው ሲጠይቃት «መንግሥት ቤት ናት» ብላ ታልፈዋለች። ልጄ አበባ ትቆጥራለች ለማለት ታፍራለች።

ከመካነ ሰላም በላይ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ የሸፈነው ደጋ ላይ ቀይ አበባ የምታወጣ ብርቅ ተክል አለች። በዚያ ተረተር ሃያ ሦስት እግር አግኝቼ፣ በየአጠገባቸው ቁጥር የተጻፈበት የጽድ ችካል ተክዬ አራት ዓመት ተከታተልኳቸው። ሁሉም ያረጁ ነበሩ፤ አንድም ችግኝ አልበቀለም። ወጣቱ ሁሉ ዓረብ አገር ሄዶ ሽማግሌ ብቻ የቀረበት መንደር ይመስሉ ነበር።

ባለፈው በጋ እሳት ተነሳ። ስደርስ ተረተሩ ጠቁሮ፣ ተክሉም ችካሉም የለም። እሳት በሚነሳበት አገር የእንጨት ችካል የተከልኩት እኔው ነኝ። ያኔ ግን ራሴን መውቀስ አልመጣልኝም። ከጫካው ዳር ቀፎ የሚሰቅሉ አዛውንት አሉ፤ ማር የሚቆርጡት በጭስ ነው። ሰው በተሰበሰበበት «እርስዎ ነዎት ያቃጠሉት!» አልኳቸው። ጫካ እንዳይገቡ የሚከለክል ደብዳቤም ጻፍኩባቸው።

ደብዳቤው ሳይፈረም እሳቱ ከገደሉ ማዶ፣ ገለባ ከሚቃጠልበት ማሳ እንደተሻገረ ታወቀ። የእሳቸውም ቀፎዎች ነደዋል። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይባላል፤ እኔ ግን ለመልቀም እንኳ ድፍረት አጣሁ። ደብዳቤውን ቦርሳዬ ውስጥ አጣጥፌ፣ መንገድ ላይ ሳያቸው እየታጠፍኩ ከረምኩ።

ክረምት እንደገባ እሳቸው ራሳቸው ቢሮ ድረስ መጡ።

«ልጄ፣ አበባሽን አየሻት?»

«ቦታዋን በምን ላውቀው አባባ? ችካሉ ነዷል።»

«አብሽሪ። ንቦቼ ይመላለሱባት የነበረችውን እኔ አጣለሁ?»

ጭቃ እየረገጥን ወጣን። አንድ ቋጥኝ ሥር ሲያቆሙኝ ጎንበስ አልኩ። ካረጀው ሥር አዲስ ቅጠል ወጥቷል፤ ዙሪያውን ደግሞ ጣት የማያህሉ ችግኞች ፈልተዋል። ቆጠርኩ፣ ጠፋብኝ፣ እንደገና ጀመርኩ። አለቀስኩ።

«አስታው ጥላ ሆኖባት ነበር» አሉ። «እሳት ሲያልፍ ትተካለች። በየዓመቱ ከነደደ ግን ዘር ሳትጥል ታልቃለች። አሁን ዕድሜ ስጧት።»

«አባባ፣ በድዬዎታለሁ። ይቅር ይበሉኝ።»

«እሱን ተይውና ድንጋይ አቀብይኝ። ድንጋይ አይነድም።»

በየችግኙ ራስጌ ድንጋይ እየደረደሩ ሄዱ። ልመዘግብ ቦርሳዬን ብፈትሽ ደብተሬን ረስቻለሁ፤ ያለው ያ ደብዳቤ ብቻ ነው። አውጥቼ ጀርባው ላይ መጻፍ ጀመርኩ።

«በወዲያኛው ገጽ ምን ይላል?» አሉኝ።

መዋሸት አልቻልኩም። «እርስዎ እዚህ እንዳይገቡ ይላል።»

ሳቁ። በጋቢያቸው ዝናቡን ከለሉልኝ።

«ወረቀቱ እንዳይርስ» አሉ። «ጻፊ፣ ገና አልጨረስንም።»