የቅጹ ጀርባ

ባለፈው ጥቅምት አንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ መካነ ሰላም ካለው ቤቴ መጣች። አገራችን ከውጭ መንግሥታት ጋር በምትዋዋለው ጉዳይ ምክር ቤቱ ምን ያህል ድርሻ ሊኖረው ይገባል ብላ ጠየቀችኝ። መልሱን የምትመዘግበው በስልኳ ነበር። ጥያቄውን እንድትደግምልኝ ስጠይቃት «አላውቅም ልበለው፣ እማማ?» አለችኝ። ጣቷ ቃሉ ላይ ደርሶ ነበር። ትንሽ እንድትታገሠኝ ለመንኋት።

በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ይህንኑ ሥራ ሠርቻለሁ፤ በንጉሡ ጊዜ ነው። ደሴ ትምህርቴን ጨርሼ፣ ሥራ አጥቼ ከወላጆቼ ቤት ተቀምጬ ሳለ፣ ከአዲስ አበባ አንድ የፖለቲካ ሳይንስ መምህር መጣ። የሚያጠናው ስለ ምክር ቤቱ እንደራሴዎች ነበር፤ በውጭ ጉዳይ ላይ ሲመክሩ የመረጣቸው ሕዝብ ምን ይላል የሚለውን። እኔንና በላይ የሚባል አንድ የወግዲ ወጣትን ቀጠረን። ሥራው ያማረለትን አንዳችንን አዲስ አበባ ወስዶ ረዳቱ እንደሚያደርግ ነገረን። ከዚያ ወዲያ ሌላ ነገር አላሰብሁም።

የምንሞላው ቅጽ ለየጥያቄው ሦስት ሳጥን ነበረው፤ አዎ፣ አይደለም፣ አላውቅም። ከዚህ የወጣ ሐሳብ ካለ ጀርባው ላይ ጻፉ ብሎን ነበር። እኔ ግን ደብተሬ ንጹሕ ነው እየተባልሁ ስመሰገን ያደግሁ ነኝ። ወረቀት ማቆሸሽ ነውር ይመስለኝ ነበር።

ወሩ መስከረም ነው። ጭቃው ገና አልደረቀም፤ ጫማዬን በእጄ ይዤ በባቄላው ማሳ መሐል እሄድ ነበር። ገበሬዎቹ እሸት እየሰጡ ይቀልዱብኝ ነበር። አንዱ፣ የመረጥነው ሰውዬ እንኳን ለውጭ አገር ለእኛም ብቅ ብሎ አያውቅ፣ ካገኘሽው ሰላም በይልን አለኝ።

እትዬ ፋጤ የሚባሉ እናት ቤት የደረስሁት ደክሞኝ ነው። ልጃቸው ሰይድ ወታደር ሆኖ ኮንጎ ዘምቶ በዚያው ቀርቷል። ሞተም ኖረም ያላቸው የለም። ንፍሮ አቀረቡልኝና ጥያቄውን አነበብሁላቸው፤ ወታደር ወደ ውጭ አገር ሲላክ እንደራሴዎች ሊጠየቁ ይገባል?

ንፍሮውን ወደ እኔ አስጠጉ። ከዚያ «ሰይድ ሲሄድ ተጠይቀው ነበር?» አሉኝ።

እንደማላውቅ ነገርኋቸው።

«እንግዲያው ጠይቂልኝ። የእኛ ሰውዬ እጁን አንሥቶ እንደሆነ፣ ምን ብሎ እንዳነሣ። ጣፊልኝ፣ የኔ ዓለም።»

«እሺ» አልኋቸው። ቅጹ ላይ ግን ለጥያቄ የሚሆን ሳጥን የለም። ደጅ ስወጣ «አላውቅም» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ።

መምህሩ ቅጾቹን የተረከበን ካረፈበት ሆቴል በረንዳ ላይ ነው። ምልክት ያደረግንበትን ፊታቸውን አላየም። አንድ በአንድ እየገለበጠ ጀርባቸውን ብቻ ያነብ ጀመር። የበላይ ቅጾች ቀለም የፈሰሰባቸው፣ ጥግ ድረስ የተጻፈባቸው ነበሩ። የእኔ ነጭ ነበሩ። «ጽሕፈትሽ ቆንጆ ነው» አለኝና ከሥር አደረጋቸው። በማግስቱ በላይን ይዞ በአቀስታ በኩል ወደ አዲስ አበባ ሄደ።

እኔ እዚሁ ቀረሁ። መዝገብ ቤት ተቀጥሬ፣ ጡረታ እስክወጣ የሌላ ሰው ጽሑፍ ስገለብጥ ኖርሁ። እትዬ ፋጤ በየገበያው ቀን ብቅ ይሉ ነበር።

«ምነው፣ መልስ አልመጣም?»

«ገና ነው፣ እትዬ።»

ንጉሡም ሄዱ፣ ምክር ቤቱም ተዘጋ፤ እሳቸው መጠየቁን አልተዉም። በኋላማ በገበያ ቀን በሌላ መንገድ መሄድ ጀመርሁ። ሲሞቱ እንኳ የሰማሁት ከተቀበሩ በኋላ ነው።

ለተማሪዋ ይህን ሁሉ አልነገርኋትም። ከምርጫዎቹ ሌላ የሚጻፍበት ቦታ አለው ወይ ብቻ አልኋት። ስልኳን ወደ ላይ ወደ ታች አየችና «የለውም፣ እማማ» አለች። ልጅቷ መልካም ልጅ ነች፤ ያዘነችልኝ ይመስለኛል። እንግዲያውስ አላውቅም በይው አልኋት።

ከሄደች በኋላ አንድ ሉክ ወረቀት አወጣሁ። ሰይድ ሲላክ እንደራሴያችን ተጠይቆ ነበር ወይ፣ ከተጠየቀስ ምን አለ ብዬ ጻፍሁ። እየሰረዝሁ ስለጻፍሁ ወረቀቱ ንጹሕ አይደለም። ለማን እንደምሰጠው አላውቅም። እስካሁን ጠረጴዛው ላይ ነው።