ጎማችሁን እዩ ያለው ሰው

ቲነከ ስድሳ ስድስት ዓመቷ ነው። ሠላሳ አንዱን ያሳለፈችው በሆላንድ ሰሜን፣ በፍሪስላንድ፣ የአንድ አረጋውያን መጦሪያ አንሶላና ፒጃማ ስታጥብ ነው። አርባ ሦስቱን ደግሞ ባሏ ዮሪት የሰበረውን ስትጠግን ኖራለች። የመጀመሪያው ሥራ ጡረታ አለው፤ ሁለተኛው የለውም።

ዮሪት ዕድሜ ልኩን ቄራ የሠራ፣ በር ላይ ሲቆም ብርሃን የሚከለክል ሰው ነው። ክፉ ነው ለማለት ይከብዳል፤ የታመመ ጎረቤት ደጅ ላይ በረዶ የሚጠርገው እሱ ነው። ግን ቱግ ይላል፤ ቱግ ሲል ደግሞ እጁ ከአፉ ይቀድማል። ጎረቤቱ ሲብረን የጋራ አጥራቸውን ቁጥቋጦ አሳጥሮ ቢከረክምበት ሁለት ጥርሱን አወለቀው። በገዛ ልጁ ሠርግ ላይ የሙሽሪትን አባት በቡጢ መትቶ ከነወንበሩ ዘረረው። ቲነከ ለሲብረን የፖም ኬክ ጋግራ ወሰደች፤ ለመጣው ፖሊስም «ከደረጃ ወድቆ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ» ብላ ማለች። ለልጇ ደግሞ «አማትህም እኮ አፉ አያርፍም» አለችው። ልጁ ስምንት ዓመት ሙሉ ደጃቸውን አልረገጠም። ሰው ሁሉ ታጋሽ ሴት ይላታል። የትዕግሥቷን ዋጋ የሚከፍለው ግን ሁልጊዜ ሌላ ሰው ነበር።

ጡረታ ሲወጡ ቤት መኪና ገዙ፦ አልጋ፣ ምድጃና ሽንት ቤት ያላት፣ ክሬም ቀለም ያላት ረጅም መኪና። ከዚያ ወዲህ ጥር በመጣ ቁጥር አገራቸውን ለጭቃው ትተው ወደ ስፔን ደቡብ ዳርቻ ይወርዳሉ። ድንቹን እንኳ ከቤት ነው የሚጭኑት፤ የስፔን ድንች ውሃ ውሃ ይላል ይላሉ። ባሕሩ ዳር መኪናቸውን ያቆሙት ጎረቤቶቻቸውም ሁሉ ሆላንዶች ናቸው። ሁለት ሺህ ኪሎ ሜትር ነድተው መጥተው እዚያው የሰፈራቸውን ሰው ያገኙታል።

እነዚህ ሰዎች አመሻሽ ላይ ወንበራቸውን ክብ ሠርተው ሲቀመጡ የሚያወሩት አንድ ወሬ አለ፤ እሱም የጎማ ሌባ ነው። ሌባው አጠገብህ እየነዳ ጎማህን ይጠቁምሃል። ደንግጠህ ትቆማለህ። አንዱ ጎማውን ሊያሳይህ ወደ ኋላ ሲወስድህ ሌላው ከፊት ያለውን ቦርሳ ሙልጭ አድርጎ ይሄዳል። የተዘረፈ ሰው አለ ወይ ቢባል ሁሉም የሚጠቅሰው የአጎቱን ልጅ ጓደኛ ነው። ጎሰ የሚባለው የቀድሞ አውቶቡስ ነጂ ደግሞ የወሬው ሊቀ ጳጳስ ነበር።

«ጎማህን የጠቆመህ ሁሉ ሌባ ነው» ይላል ጣቱን አንስቶ። «አትቁም። ቤንዚንህን ርገጥ። አበቃ!»

«እኔስ ብቆም ነው የምወደው» አለ ዮሪት አንድ ምሽት። «የማሳየውን አውቃለሁ።»

ሰው ሳቀ። ቲነከም ሳቀች። በማግስቱ ዮሪት የድንኳን ካስማ የሚመታበትን የብረት መዶሻ ከኋላ ሳጥን አውጥቶ በእሷ መቀመጫ ሥር ሸጎጠው፤ ከራሱ መቀመጫ ሥር የመኪናው ባትሪ ስላለ ቦታ አልነበረም። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል። እነዚህ ግን እባቡንም አላዩትም፤ ሲወራ ብቻ ነው የሰሙት።

ነገሩ የሆነው በየካቲት አጋማሽ፣ ረፋድ ላይ ነው። ፀሐዩ የመኪናውን መስታወት ያግላል፤ በስተቀኝ ባሕሩ፣ በስተግራ የቲማቲም ተክል የሚያበቅሉባቸው ነጫጭ የላስቲክ ቤቶች። አንድ ያረጀ ነጭ ጭነት መኪና ከኋላ መጥቶ ጥሩምባውን ያንባርቀው ጀመር። አጠገባቸው ሲደርስ ጎልማሳ ነጂ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ ይጮኻል። በእጁ ወደ ኋላ፣ ወደ ታች፣ ወደ ጎማው ይጠቁማል።

«ይኸው!» አለ ዮሪት። ፊቱ ቀላ። «ይኸው መጣልሽ! ጎሰ ያለው ራሱ!»

«ዝም ብለህ ንዳ፣ ዮሪት። አትየው።»

«ዓይኑን አየሽው? ሽማግሌ ናቸው ብሎ ነዋ!»

ረገጠው። ጭነት መኪናው ግን አልለቀቀም፤ ቀድሟቸው ገባና መብራቱን እያብለጨለጨ ፍጥነቱን ቀነሰ። ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ መንገድ ዳር ወዳለች ጠጠር ሜዳ ገፋቸው። ዮሪት ሊያልፈው ይችል ነበር። የጎሰ ሕግም እለፈው ነው የሚለው። ዮሪት ግን ደሙ ፈልቶ ነበርና ፍሬኑን ረግጦ አቆመ።

ሰውዬው ከጭነት መኪናው ዘሎ ወረደ። እየሮጠ ይመጣል። በቀኝ እጁ ቀይ የብረት ነገር አንጠልጥሏል።

ዮሪት በሩን በርግዶ ወረደና እጁን ወደ ውስጥ ዘረጋ። «ቲነከ! መዶሻውን!»

ቲነከ ጎንበስ ብላ ከመቀመጫዋ ሥር አወጣችና አቀበለችው። ማዕድ ላይ ጨው አምጪ እንደተባለች ያህል፣ አላሰበችም።

የመጀመሪያው ምት ትከሻው ላይ አረፈ፤ አጥንት ሲሰበር የሚያሰማውን ድምፅ ሰማች። ቀዩ ነገር ጠጠሩ ላይ ወድቆ እየተንከባለለ መጣ። ሰውዬው ባልተሰበረ እጁ አሁንም ወደ ኋላ እየጠቆመ «ፉዌጎ! ፉዌጎ!» ይላል። ሁለተኛው ምት ጆሮ ግንዱን አገኘው። በጉልበቱ ወደቀ፣ ከዚያም በፊቱ ተደፋ። ደሙ በጠጠሩ መካከል ቶሎ ሰረገ። ከጭነት መኪናው ውስጥ የሴት ጩኸት ተነሣ።

ቲነከ በራሷ በኩል ባለው በር ወረደች። ያን ጊዜ ነው ጭሱ የሸተታት። የኋላ ቀኝ ጎማ እየነደደ ነበር፤ ፍሬኑ ተጣብቆ ስንት ኪሎ ሜትር እንደተጎተተ እንጃ። ነበልባሉ የጎኑን ሽፋን ይልሳል፣ ከሽፋኑ ጀርባ የጋዝ ሲሊንደሩ አለ። የራሳቸው የእሳት ማጥፊያ ደግሞ ከእሳቱ በላይ ባለው ሳጥን ውስጥ ነው። እግሯ ሥር የተንከባለለውን ቀይ ነገር አየችው። እሱም የእሳት ማጥፊያ ነበር። ፉዌጎ ማለቱ እሳት ማለቱ ነበር፤ ሰውዬው ሊያጠፋላቸው ነው ሲሮጥ የመጣው።

«ዮሪት! እሳት ነው! እሳት ሊያጠፋልን ነው የመጣው!»

ዮሪት አልሰማም። ቱግ ሲል ጆሮ የለውም። በወደቀው ሰው ላይ ቆሞ መዶሻውን ለሦስተኛ ጊዜ አነሣ። በቄራ ዕድሜውን ሙሉ ያነሣ የነበረው ያው ክንድ ነው።

ቲነከ ማጥፊያውን አንሥታ ቀለበቱን ነቀለች። ወደ ጎማው ብታዞረው አሥራ አራት ዓመት ገንዘብ ያጠራቀሙላት ቤታቸው ትተርፋለች። ባሏ ፊት ላይ አዞረችውና ለቀቀችው። ነጭ ዱቄት ዓይኑን፣ አፍንጫውን፣ አፉን ሞላው። መዶሻው ከእጁ ወደቀ። እያሳለና እየተሳደበ እንደ ዕውር ሲደናበር እሷ አላቆመችም፤ ማጥፊያው ባዶ ሆኖ ሲጥ እስኪል ድረስ ለቀቀችበት።

ከዚያ ቤት መኪናዋ ነደደች። ቲነከና ከጭነት መኪናው የወረደችው ሴት የቆሰለውን ሰው በብብቱ ይዘው ጎተቱት፤ ዮሪት በእጅና በእግሩ እየዳኸ ተከተላቸው። ሲሊንደሩ ሲፈነዳ የመስኮቱ ስብርባሪ አናታቸው ላይ ዘነበ። ድንቹም፣ አልጋውም፣ ፎቶውም፣ ሁሉም ሄደ።

ሴትዮዋ የሰውዬው ሚስት ነበረች፤ ኤንካርና ትባላለች። የባሏን ጭንቅላት ጭኗ ላይ አድርጋ «ኤውሴቢዮ! ኤውሴቢዮ!» እያለች ትጣራለች። እሱ ትንፋሽ አለው፣ መልስ ግን የለውም። ቲነከ ሹራቧን አውልቃ ቁስሉን አፍና ያዘች። ደም የነካው ልብስ ሠላሳ አንድ ዓመት አጥባለች፤ ደሙን እንዲህ ሙቅ ሆኖ ግን ነክታው አታውቅም።

ዮሪት ዓይኑን እየጠረገ አጠገቧ ተንበረከከ።

«ቲኒ፣ ስሚኝ። በቀዩ ብረት ሊመታኝ ነበር በዪ። ሚስቱ መኪና ውስጥ ቁጭ ብላ ነበር፣ የጭነት መኪናቸው ጀርባ ሸፍኖናል፣ ምንም አላየችም። ያንቺ ቃል ነው የሚታመነው።»

«ሊረዳን ነው የመጣው።»

«አሁን ነዋ የምናውቀው! ያኔ ማን ያውቃል? ጎማ የሚጠቁም ሌባ ነው፣ ሁሉም ይመሰክራል። ቲኒ፣ ስድሳ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። እስር ቤት ውስጥ ነው የምሞተው።»

አለቀሰ። ካገባችው ጀምሮ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም፤ አንጀቷን በላው። ይህን መሸሸግ አይገባም፤ ወደደችው፣ እዚያው ደም ላይ ተንበርክካ ወደደችው። ፍርሃቷም ስለ እሱ ነበር።

መንገደኛ ደውሎ የጠራው አምቡላንስ ኤውሴቢዮን ከነሚስቱ ይዞ ሄደ። አንዲት ወጣት ፖሊስ መዶሻውን በላስቲክ ከረጢት ከተተች፤ ባዶውን ማጥፊያም እንዲሁ። እንግሊዝኛ ትችላለች፣ ቲነከም የአቅሟን ያህል።

«ባልዎ ሰውዬው ሊዘርፈን መጣ፣ በብረት ሊመታኝ ሲል ራሴን ተከላከልኩ ይላሉ» አለቻት። «የቱሪስት ዝርፊያ እዚህ መንገድ ላይ አለ፣ አንክድም። እርስዎ ምን አዩ?»

ዮሪት ከፖሊስ መኪናው አጠገብ ቆሟል። ቅንድቡ ላይ ዱቄቱ እንዳለ ነው። ያያታል።

«ውሸት ነው» አለች ቲነከ። «ሰውዬው እሳት ሊያጠፋልን ነው የመጣው። ባሌ መጀመሪያ ትከሻውን መታው። ከዚያ ራሱን። ወድቆ ሳለ ሦስተኛ ሊመታው ነበር።»

«ቲኒ!» አለ ዮሪት። ቁጣ የለበትም፤ ሕፃን ሲጠፋ እንደሚጣራው ነው የጠራት።

ፖሊሷ ጻፈች፣ ጨረሰችና ወረቀቱንና ብዕሩን ሰጠቻት። «እዚህ ላይ ይፈርሙ። ይበቃል፣ እርስዎ ምስክር ነዎት።»

ቲነከ ብዕሩን ያዘች፣ ግን አልፈረመችም። ደሙ ጣቶቿ ላይ ደርቆ ነበር። ወረቀቱን ወደ ፖሊሷ መለሰችው።

«አልጨረስኩም» አለች። «መዶሻውን ሲጠይቀኝ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። እሱንም ጻፊው።»