ግቢው በር ላይ የቀረው ነጥብ

አፖንዲ ኪሱሙ በምትባል የሐይቅ ዳር ከተማ፣ መስኮቱ ለሐይቁ ጀርባውን በሰጠ ቢሮ ትሠራለች። ሥራዋ ካርታ ነው። ኮምፒውተሯ ላይ ወንዝ፣ መንገድ፣ እርሻና ቤት እንደ ስስ ወረቀት ተደራርበው ይቀመጣሉ። እሷም እያንዳንዱን ነገር ባለበት ስፍራ እየለየች ትመርጣለች። "ከዚህ መንገድ ይህን ያህል ርቀት ውስጥ ያሉትን ትምህርት ቤቶች ምረጥ" ብላ ታዛለች፤ ፕሮግራሙ ጥቂት ቆይቶ የተመረጡትን ቢጫ ያደርጋቸዋል። የቀሩት ግራጫ እንደሆኑ ይቀራሉ።

አባቷ ኦጎላ የካኖ ሜዳ ሩዝ ገበሬ ነበር። አንድ ቀን ሊጠይቃት ቢሮ ሲመጣ ይህንኑ አሳየችው። ከዚያ ወዲህ ሰው ስለ ልጁ በጠየቀው ቁጥር፣ "ኪሱሙ ተቀምጣ የሰው ቤት ቢጫ ትቀባለች" ይል ነበር።

"ይከፍሏታል?"

"ይከፍሏታል እንጂ። ቀለሙ ግን የመንግሥት ነው።"

ኦጎላ የሞተው በረጅሙ ዝናብ ማብቂያ ነው። አስከሬኑ ወደ ግቢው ሲገባ ሴቶቹ እጃቸውን አናታቸው ላይ አድርገው እየጮኹ ሮጡ። አፖንዲ የድንኳኑ ገመድ ላልቶ ስላየች እሱን የሚያጠብቅ ሰው ትፈልግ ነበር። አላለቀሰችም። "ተዉአት፣ ደንግጣ ነው፤ በኋላ ይመጣባታል" አሉ አክስቶቿ። በኋላም አልመጣባትም። ሥራ ገባች። ጠዋት ጠዋት ሻይ በወተት ትጠጣለች፣ በዘይት የተጠበሰ ማንዳዚ ትበላለች፤ ማንዳዚው የትናንት ይሁን የዛሬ ግን አትለይም።

በዚያው ሰሞን መሥሪያ ቤቱ አዲስ ሥራ ያዘ። ከኒያንዶ ወንዝ ዳር እስከ ስልሳ ሜትር ድረስ ያሉ ቤቶች ተነሥተው፣ ከፍ ያለ ቦታ ላይ በቆርቆሮ ሊሠራላቸው ነው። ከስልሳ ሜትር ውጭ ያለ ባለበት ይቀራል። ጎርፉ ስልሳ ሜትር ላይ ቆሞ እንደማይመለስ የማያውቅ የለም። ግን መስመሩ አንድ ቦታ መሰመር ነበረበት።

የእናቷ ቤት ከወንዙ ሩቅ አይደለም። አፖንዲ እናቷ እንድትነሣ ትፈልግ ነበር። ቅዳሜ ካኖ ስትሄድ ነገሩን አነሣችላት። በትውልድ አገሯ ስም "ኒያር ሳኩዋ" የምትባለው እናቷ ኦሜና ዓሣ ጸሐይ ላይ እያሰጣች ነበር።

"ቢመርጡሽ ትሄጂያለሽ፣ እማ?"

"የት?"

"ኮረብታው ሥር። አዲስ ቤት ይሠሩልሻል።"

"ቤት መሥራቱን ይሥሩ። ግቢ ማን ያቀናልኛል? ግቢ የሚያቀናው ወንድ ነው፤ አውራ ዶሮውን ይዞ፣ የበኩር ልጁ መጥረቢያ ተሸክሞ። እኔ የታል ባሌ? የታል ወንድ ልጄ? አንቺን መጥረቢያ አሸክሜ ልሂድ?"

"ውኃው አልጋሽ ሥር ሲገባስ?"

"ባለፈው ገብቶ የለ? ዶሮዎቹ ጣራ ላይ አደሩ፣ እኔ አልጋዬ ላይ። የተጉላሉትስ እነሱ ናቸው።" ከቤቱ በስተቀኝ ወዳለው ገና ሣር ወዳላበቀለው አፈር በአገጯ አመለከተች። "ደግሞስ እሱን ለማን ትቼ?"

አፖንዲ ዞር አለች። መቃብሩን አየችው። የአፈር ክምር ነው። ዳሩ በዝናብ ትንሽ ተሸርሽሯል፤ መጠገን አለበት ብላ አሰበች።

ሰኞ ዕለት የቤቶቹን ነጥቦች፣ በየቤቱ ተዞሮ በመሣሪያ የተወሰዱትን፣ ከፈተች። ስልሳ ሜትሩን አሰመረችና ምረጥ ብላ አዘዘች። ወንዙን ተከትሎ ረጅም ቢጫ መስመር ወጣ። የእናቷ ነጥብም በውስጡ ነበረ። የፈለገችው ሆኖላታል። ደስ ሊላት እንደሚገባ ታውቃለች፤ ትንሽ ጠበቀች፤ ምንም አልመጣም።

ለማጣራት ብላ ከነጥቦቹ ሥር የአየር ፎቶውን አስገባች። ያን ጊዜ ነው ነጥቡ ቤቱ ላይ አለመሆኑን ያየችው። ያለው ግቢው በር ላይ፣ የቅንጭቡ አጥር በሚከፈትበት ስፍራ ነው፤ በሩ ደግሞ ፊቱ ወደ ወንዙ ነው። ቤቱ ከበሩ ወደ ውስጥ ዘልቆ፣ ከመስመሩ ውጭ ቆሟል። ነጥቡ የተወሰደበትን ቀን አየች። አባቷ የተቀበረበት ቀን ነው።

ነጥቦቹን የሰበሰበው ኦኬች ማዶ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ማንዳዚ ይበላል።

"ኦኬች፣ ይቺን የት ቆመህ ነው የወሰድካት?"

አንገቱን አስግጎ አየ። "ግቢ በር ላይ።"

"መመሪያው የዋናው ቤት ደጃፍ ላይ ነው የሚለው።"

"መመሪያውን የጻፈው ሰው ልቅሶ ደርሶ አያውቅማ! አስከሬን ተጋድሞ፣ ሴቶቹ እየጮኹ፣ እኔ ይህን መሣሪያ ደግኜ በመሐላቸው ልለፍ? 'ሰውዬው አፈር ሳይቀምስ መሬቱን ሊለኩ መጡ' ብለው በዱላ ነበር የሚሸኙኝ።"

"እነዚህስ? እነዚህም በር ላይ ናቸው።"

"አባወራው ያልነበረበት ቤት ነዋ። ባለቤቱ ሳይኖር ደጃፉ ድረስ ዘው ይባላል እንዴ? እኔን ሰው አሳድጎኛል፣ አንቺ የካኖ ልጅ። አንቺን እንጃ።" ሳቀና፣ እሷ አለመሳቋን ሲያይ አቆመ። "ልቅሶው የማን ነበር?"

"የእኛ።"

ኦኬች ማንዳዚውን አስቀመጠ።

"ኮፍያውን አውልቆ በሩ ጋ የቆመው ሰው አንተ ነበርክ ማለት ነው" አለችው። "ፊትህን ከሩቅ አለየሁትም። ለቀብር የመጣ ሰው መስለኸኝ ምግብ ላኩልህ።"

"በላሁት እኮ" አለ ኦኬች ቀስ ብሎ። "ኡጋሊ ገንፎ በሥጋ። አይ አፖንዲ… በላሁት።"

"ጥሩ አደረግህ።"

ለአለቃቸው ለኢንጂነር ሙቲሶ ነገረችው። ሙቲሶ የካምባ ሰው ነው፤ የዚህን አገር ግቢ አያውቅም።

"በርና ደጃፍ ምን ለያቸው?"

"በእኛ አገር ግቢ በመሐላቸው ብዙ መሬት አለ፣ ኢንጂነር። የአንዳንዱ ቤት በሩ መስመሩ ውስጥ ነው፣ ቤቱ ውጭ። የአንዳንዱ ደግሞ ተቃራኒው።"

"ያስተዋልሽው በማን ቤት ነው?"

"በእናቴ።"

ሙቲሶ መነጽሩን አወለቀ። "ቢጫ ነው አሁን?"

"ቢጫ ነው።"

"ስታስተካክዪው ይወጣል?"

"ይወጣል።"

"ስሚ፣ የአንዷን ብቻ መንካት የለም። ወይ ሁሉንም ታስተካክያለሽ፣ ወይ ሁሉንም ትተያለሽ። ብትተዪው ማንም አይጠይቅሽም። እናትሽም ከጎርፍ ትወጣለች።" መነጽሩን መልሶ አደረገ። "እኔ ብሆን ምን እንደማደርግ አልነግርሽም፤ እኔ እናት የለኝም።"

ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ብትተወው እናቷ ደረቅ መሬት ላይ፣ ወንድ ባላቀናው ግቢ ውስጥ፣ ከመቃብሩ ርቃ ትኖራለች። ብታስተካክለው በሚቀጥለው ዝናብ ውኃው እንደለመደው ይገባል። የትኛው እንደሚያሳዝናት ራሷን ጠየቀች። አንዱም አላሳዘናትም። የቀረው የነጥቡ ትክክለኛ ቦታ ብቻ ነው። እሱን ደግሞ ታውቀዋለች፤ እዚያ ደጃፍ ላይ ነው መራመድ የተማረችው።

ከኦኬች ጋር ሆነው ነጥቦቹን አንድ በአንድ ከግቢው በር እያነሱ ደጃፍ ላይ አስቀመጧቸው። ኦኬች በሌሎቹ ላይ ይቀልድ ነበር፤ "እኚህ ሽማግሌ ዛሬም ቤት የሉም፣ ልግባ?" ይላል። የአፖንዲ እናት ቤት ላይ ሲደርሱ እጁን ከማውዙ አነሣ። አፖንዲ ነጥቡን ራሷ ጎተተችው። እንደገና ምረጥ ስትል፣ የተወሰኑ ግራጫዎች ቢጫ ሆኑ፣ የተወሰኑ ቢጫዎች ግራጫ። የእናቷ ግራጫ ሆነ። ሥራውን አስቀምጣ ለሙቲሶ ላከችው።

ቅዳሜ ካኖ ስትሄድ ከአሄሮ ገበያ ጡብ ገዝታ በቦዳ ቦዳ ሞተር ጫነች።

"ምን ልትሠሪበት ነው፣ እህቴ? ለቤት ያንሳል፣ ለወጥ ይበዛል" አላት ሞተረኛው።

"አልጋ ላነሣበት።"

እናቷ ግቢው በር ላይ ጠበቀቻት። "እህሳ፣ ቤታችን ተቀባ?"

"አልተቀባም።"

ኒያር ሳኩዋ ራሷን ነቀነቀች። ጡቡን ተጋግዘው አስገቡ። ግድግዳው ላይ ያለፈው ጎርፍ ያሰመረው ቡናማ መስመር አለ፤ አፖንዲ አልጋው ከሱ በላይ እስኪሆን ድረስ በእያንዳንዱ እግር ሥር ጡብ ደረበች። እየነቀነቀች መጽናቱን አየች።

እናቷ በርጩማ ላይ ቆማ ወጣችና አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። እግሮቿ መሬት አልነኩም። እንደ ሕፃን አወዛወዘቻቸው።

"አባትሽ ቢያየኝ ይስቅብኝ ነበር" አለች።

አፖንዲ የእናቷን እግሮች አየቻቸው። ተረከዛቸው ላይ የመቃብሩ አፈር ደርቋል። አካፋው የት እንዳለ ጠየቀችና፣ የተሸረሸረውን ዳር ልትጠግን ወጣች።