ለዱባይ የተላከ መርዶ

እኔ ለውሸት የተፈጠርኩ ሰው ነኝ ብዬ አምን ነበር። ንፋስ መውጫ ላይ ጸጉር ቤት ከፍታ የማትዋሽ ሴት ምን ትበላለች? «አምሮብሻል» እላለሁ፤ ያላማረባት ትከፍላለች፤ እኔም እበላለሁ። ስለዚህ የጓደኛዬ አባት ድንገት ታመው በሦስተኛው ቀን ሲያርፉ፣ ከቀብር መልስ ወንድሟ እጄን ይዞ «የእህቴን ነገር ላንቺ ትቼዋለሁ፤ አንቺ ታውቂበታለሽ» ሲለኝ ቅር አላለኝም። እውነቱን ነው፤ አውቅበታለሁ።

እህቱ ዱባይ ናት። ሰው ቤት ምግብ ትሠራለች። መርዶ ደግሞ በስልክ አይነገርም። ሰው ማልዶ ሄዶ፣ ፊት ለፊት ቆሞ ነው የሚነግራት፤ ስትወድቅ የሚይዛት፣ አብሯት የሚያለቅስ መኖር አለበት። ከዚህ ከጋይንት ተነሥቶ ዱባይ ድረስ ማልዶ የሚሄድ ማን አለ? አንድ ሰው ብቻ ነበረችን፤ አቡዳቢ ያለችው ሦስተኛችን።

ሦስት ነን። ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ከየገጠራችን መጥተን እዚሁ ከተማ አንድ ክፍል ቤት ተከራየን። አራት ዓመት ባንድ ፍራሽ ተኛን፤ ባንድ ድስት በላን። የእኔና የአቡዳቢዋ ስንቅ ረቡዕ ላይ ያልቃል። ቅዳሜ ቅዳሜ ግን የዱባይዋ አባት አህያቸውን ጭነው ይመጣሉ፤ ድንቹንም በሶውንም ሽሮውንም ለሦስታችን እኩል አካፍለው፣ «ልጆቼ፣ አትጣሉ» ብለው ይሄዳሉ። እሳቸው ሳይርቁ እንጣላለን። ልጃቸው ሽሮ ሳታሳርር የዋለችበት ቀን ትዝ አይለኝም፤ «ገልቱ» የሚለውን ስም ያወጣሁላት ያኔ ነው። እሷን ምግብ ሠሪ ብሎ የቀጠረ አገር መኖሩ እስከ ዛሬ ይገርመኛል። ስንደዋወል «አንቺ ገልቱ፣ ዛሬስ የማንን ድስት አቃጠልሽ?» ነው ሰላምታዬ። እሷም «ዝም በይ አንቺ ሙጀሌ» ትለኛለች። የምንዋደደው እንዲህ ነው።

በቀብሩ ማግስት ደወለች። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ዓይኔን በጨው አጥቤ አነሣሁ።

«የኔ ቆንጆ፣ እንደምን ሰነበትሽልኝ?»

«አባባ ስልክ አያነሡም» አለችኝ።

«ውይ፣ አልነገሩሽም እንዴ? ውቂያ ላይ ከኪሳቸው ወድቆ በሬ ረገጠው!»

«የትኛው በሬ?»

«ቀዩ» አልኩ። አሁን የበሬ መልክ ምን አስጨመረኝ! እሷ ግን «እሺ» ብላ ዘጋችው። እኔም ጉድ ነኝ ብዬ በራሴ ኮራሁ።

አቡዳቢ ያለችው እንደሰማች አልቅሳ አልቅሳ ሲወጣላት፣ ማዳሟን ፈቃድ ጠየቀች። ዕረፍቷ በወር አንድ ቀን ነው፤ የዚያ ወሩ አልፏል። ማዳም እምቢ አለች። ሳምንት አለፈ። እዚህ እኔ መከራዬን አያለሁ። የገልቱ የአጎት ልጅ የአባባን ፎቶ ከሻማ ጋር ፌስቡክ ላይ ለጥፋ አገኘኋት። ደንበኛዬን ግማሽ ጸጉሯን ተሠርታ ወንበር ላይ ትቼ፣ ማበጠሪያዬን እንደያዝኩ ቤቷ ድረስ ሮጥኩ።

«አጥፊው! አሁኑኑ አጥፊው፣ ጅብ ይብላሽ!»

«ኧረ ነፍስ ይማር ብዬ እኮ ነው!»

«ነፍስሽ ሳይወጣ አጥፊው!»

አጠፋችው። ስመለስ ደንበኛዬ የለችም፤ ግማሽ ጸጉሯን ይዛ ሌላ ዘንድ ሄዳለች።

በሁለተኛው ሳምንት ገልቱ እንደገና ደወለች። ምን ልበል? «አባባማ ቤተ ልሔም ደብር ሄደው ሱባኤ ገብተዋል» አልኳት። አፌን በቆረጠው! ነፍሳቸውን ይማርና፣ አባባ ቅዳሴ ሳያልቅ ሹልክ ብለው ወጥተው ከቅጥሩ ጥግ ስለ ገብስ የሚያወሩ ሰው ነበሩ።

«ሱባኤ?» አለች።

«አዎ የኔ እናት፣ እርጅና ነዋ። አንቺ ብቻ ራስሽን ጠብቂልኝ እሺ?»

«እሺ» አለች። ሌላ አልጠየቀችም። ስልኩን ዘግቼ ከመጋረጃው ኋላ ገብቼ አለቀስኩ። አባባ ለኔም አባቴ ነበሩ። ውሸት ስፈጥር ለሳቸው በወጉ ሳላለቅስ ቀርቼ ነበር።

አርባቸው እየቀረበ መጣ። እናቷ «ልጄ ሳታውቅ የአባቷ አርባ ሊወጣ ነው?» እያሉ እኔን እኔን ያያሉ። ስለዚህ አቡዳቢዋ በሦስተኛው ሳምንት ማዳሟ ፊት ቆማ «አባቴ ሞተ» አለች። የወለዷት አባት እስቴ ውስጥ እንደ ጉድ ያርሳሉ።

«ዋሸሽ አይደል?» አልኳት።

«የማን ድንች ነው ያሳደገኝ?» አለችኝ። ማዳም አንድ ቀን ፈቀደችላት፤ ለመንገዷም ቴምር ጨመረችላት።

በማለዳ አውቶብስ ዱባይ ገባች። እዚያ የሚኖሩ ሁለት የአገራችንን ሴቶች አስከትላ ከገልቱ ማዳም በር ላይ ቆመች። እኛ እናቷ ቤት ከነጎረቤቱ ተሰብስበን የወንድሟን ስልክ ከበናል። ኔትወርኩ የዚያን ቀን ምሕረት አደረገልን፤ ቪዲዮው ሠራ። አቡዳቢዋ ስልኩን እንዴት እንደያዘችው እንጃ፣ መጀመሪያ ጫማዋን፣ ቀጥሎ ሰማዩን፣ ከዚያ በሩን አሳየችን።

በሩ ተከፈተ። ገልቱ ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሳ ቆማለች።

«ሦስት ሳምንት?» አለች፣ ማንም ሳይናገር። «ሦስት ሳምንት ሙሉ ታስጠብቁኛላችሁ?» ስልኩን ተቀብላ ፊቷን አስጠጋች። «የታለች ያቺ ሙጀሌ?»

«አለሁ» አልኩ። «ማን ነገረሽ? የአጎትሽ ልጅ ናት አይደል? እገላታለሁ!»

«አንቺ ነሻ! የመጀመሪያው ቀን። የኔ ቆንጆ አልሽኝ። ከተዋወቅን ጀምሮ አንድ ቀን የኔ ቆንጆ ብለሽኝ ታውቂያለሽ? ሳትሰድቢኝ ሰላም ስትይኝ አባባ እንደሌሉ ገባኝ። ቀዩ በሬማ ከተሸጠ ዓመት አልፎታል።»

ቤት ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«ሰው ጓዳ ውስጥ ብጮህ ማን ይይዘኛል? የሚነግረኝ ሰው እስኪመጣ ጠበቅኩ።» እንባ የላትም። «አሁን በደንብ ንገሪኝ። እንደ ሁልጊዜሽ አድርገሽ።»

እናቷ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ይጠብቁኛል።

«አንቺ ገልቱ» አልኳት። «አባባ ሞቱብን።»

ያን ጊዜ ጮኸች። ስልኩ ከእጇ ወደቀ፤ ለእኛ የዱባይ ሰማይ ብቻ ነው የሚታየን። የአቡዳቢዋ ድምፅ ግን «ይዤሻለሁ፣ ይዤሻለሁ» ሲል ይሰማናል።