የጥዱን ሥር ያጠብኩበት ውሃ

ሥራ የጀመርኩ ቀን የተሰጠኝ አንድ ባልዲ፣ አንድ የጥርስ ብሩሽና አንድ ቦት ጫማ ነው። የምርምር ጣቢያው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ሽቅብ ወጥቶ፣ መንገዱ የሚያልቅበት ጋ ነበር። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ መደቤም የችግኝ ሠራተኛ ይባላል። ብሩሹን ሳገላብጥ አለቃችን ዶክተሩ ሳቁ።

«ለጥርስህ አይደለም ደምሴ። ሥር ልታጥብበት ነው። ነጭ እስኪሆን!»

አሠራሩ እንዲህ ነበር። መንገድ ዳር ከቆመ አንድ ትልቅ የአበሻ ጥድ ግርጌ የበቀሉትን ችግኞች እንነቅላለን፣ ሥራቸውን እናጥባለን፣ ተባይ እንዳይኖረው በበርሜል በተቀቀለ አፈር እንተክላለን። ጠንከር ሲሉ ባሕር ዛፍ ወደተነሣበት የእንጦጦ ተዳፋት ይሄዳሉ።

«የዚህ ጥድ ዘረመል ምርጥ ነው» ይሉ ነበር ዶክተሩ። «ቁመቱም ጥንካሬውም እዚያ ውስጥ ተጽፏል። አፈሩ ቆሻሻ ነው።»

ክፉ ሰው አልነበሩም። በዓል ሲደርስ ሁላችንንም ቤታቸው ይጠሩ ነበር።

ሳጥብ ሥሩ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ ነጭ ነገር አያለሁ። በብሩሹ ፈትጌ አስለቅቀውና ከነውሃው ቦይ ውስጥ እደፋዋለሁ።

ተዳፋቱ ላይ የተተከሉት ቢጫ ሆነው ደረቁ። በሁለተኛው ዓመትም ደረቁ። በሦስተኛው፣ ማንንም ሳላስፈቅድ፣ ለአሥራ ሁለት ችግኞች ከትልቁ ጥድ ግርጌ እፍኝ እፍኝ አፈር አምጥቼ ጨመርኩላቸው። አባቴ ጌሾ ሲያዛውር ከአሮጌው ጉድጓድ አፈር በቁና ይዞ ይሄድ ነበር፤ እሱን አይቼ ነው። በጋውን ያለፉት እነዚያ አሥራ ሁለቱ ብቻ ናቸው።

ደስ ብሎኝ ሄጄ ነገርኳቸው። ፊታቸው ጠቆረ።

«ሙከራውን አበላሸህብኝ! ሁሉም እኩል ይሁኑ አላልኩም?»

«ዶክተር፣ የቆሙት እኮ እነሱ ናቸው።»

«ንቀላቸው።»

ነቀልኳቸው፣ በገዛ እጄ። ለደረቁት ደግሞ «ውሃ ባለማጠጣት» የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ማኅደሬ ውስጥ ገባ። ውሃ ያላጠጣሁበት ቀን አልነበረም። ወደ ጥበቃ አዛወሩኝ፤ ጡረታ እስክወጣ በር ላይ ቆምኩ።

ዘንድሮ ሕይወት የምትባል የጣቢያው ወጣት ተመራማሪ ካራ ድረስ ቤቴን አፈላልጋ መጣች።

«ጋሼ፣ የድሮ መዝገብ ላይ "አሥራ ሁለት ተበላሽተው ተነቅለዋል" የሚል አየሁ። የነቀሏቸው እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ» አልኩና ስለጨመርኩት አፈርም፣ ሥሩ ላይ አየው ስለነበረው ነጭ ድርም ነገርኳት።

«ያ ነጭ ድር ፈንገስ ነው። ሥሩ የማይደርስበት ሄዶ ውሃና ምግብ ያመጣለታል። አሁን ዘረመሉን ብቻ አይደለም የምናጠናው፤ ዛፉ ከማን ጋር እንደሚኖርም ነው። ከዚያ ጥድ ግርጌ አፈር ይዘን ልንሞክር ነበር።»

«ጥዱ የታለና? መንገዱ ሲሰፋ ተቆረጠ። ግርጌው አስፋልት ነው።»

«ይቅርታ ጋሼ» አለች። እሷ ምን አጠፋች?

ማስጠንቀቂያውን ከማኅደሬ እንዲያወጡልኝ እንድትጠይቅ ለመንኳት። ጠይቃ ደወለችልኝ። ዶክተሩ አርፈዋል፤ የጣቢያው ኃላፊዎች የፈረመው ሰው ከሌለ የሚሽረው የለም ብለዋታል።

በዚህ ሥራ ላይ ያላችሁ፣ ሥር ያጠባችሁበትን ውሃ ከመድፋታችሁ በፊት ውስጡ ምን እንዳለ እዩ። እኔ እያየሁ ደፋሁት።