ጥላ የሌለው ፈረስ

ስሙኝማ። ሥራችሁን ለአፍታ ተዉትና ይሄን ስሙ። እስከ ዛሬ ያልገባኝ ነገር ነው፤ ከእናንተ መሃል የገባው ካለ ያስረዳኝ።

ከሚሊኒየሙ ትንሽ ዓመት በኋላ፣ አምቦ ውስጥ «ኢንጂነር» ይሉኝ ነበር። እኔን! አስረኛ ክፍል ማትሪክ የጣለኝን፣ ሁለት ዓመት ሙሉ አጥር ተደግፌ አላፊ አግዳሚውን የቆጠርኩትን። «ኢንጂነር፣ አካም?» ሲሉኝ እግሬ መሬት አይነካም ነበር። ማዕረጉን የሰጠኝ ዩኒቨርሲቲ አይደለም፣ አንድ ኮምፒውተር ነው። የነጠቀኝም እሱ ነው።

ከመናኸሪያው ጀርባ የሚኖሩ፣ ጤና ጣቢያ የሚሠሩ አንድ ሴትዮ ነበሩ። እትዬ ነው የምላቸው። እሁድ እሁድ ቸርች የማይቀሩ፣ ሲቆጡ በኦሮምኛ ሲታረቁ በአማርኛ የሚያወሩ ሴት ናቸው። ግቢያቸው ውስጥ ወደ መንገድ የምትከፈት አንዲት ክፍል ነበረቻቸው፤ ጌም ቤት ላድርጋት አሉ። ኮምፒውተሩን ወንድማቸው ከአዲስ አበባ ገዛላቸው። እሳቸው ራሳቸው ሄደው አመጡት። ስክሪኑ አውቶብሱ ጣራ ላይ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ መጣ፤ ሳጥኑን፣ ሲፒዩ የምንለውን፣ ግን ለማንም አልሰጥም ብለው እስከ አምቦ ጭናቸው ላይ ታቅፈውት መጡ። ጊንጪ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ በቆሎ ሲበላ እሳቸው አልወረዱም።

«አንተ ልጅ፣ ኮምፒውተር ታውቃለህ?» አሉኝ።

«ተምሬያለሁ» አልኩኝ። አልዋሸሁም። ተምሬያለሁ።

መጀመሪያ ያዘዝኩት ነገር ልብስ ነው። አትሳቁ። «እትዬ፣ ኮምፒውተር ይለብሳል» አልኳቸው ኮስተር ብዬ። ሳጥኑ ከካርቶን ሲወጣ የመጣበት ላስቲክ እንዳለ ነው፤ እሱንም አይላጥ አልኩ፣ አዲስ ዕቃ ላስቲኩ ሲላጥ ያረጃላ! ልብስ ሰፊ ተጠራ፣ ልኩን እኔ ለካሁ፣ ከላስቲኩ በላይ ሰማያዊ ከፋይ ተሰፋለት። ለማብሪያው አንድ ቀዳዳ፣ ለፍላሽ አንድ ቀዳዳ፣ ለገመዱ ከኋላ አንድ ቀዳዳ። እትዬ ደግሞ ዳር ዳሩን በዳንቴል ከበቡት። ቴሌቪዥናቸው ዳንቴል አለው፣ ሬዲዮናቸው ዳንቴል አለው፣ ይሄ ለምን ይቅርበት? ስክሪኑን ጠዋት እንገልጠዋለን፣ ማታ እናለብሰዋለን። ሳጥኑ ግን መሬት ላይ ስለሆነ ቀንም አይወልቅለትም። የመናኸሪያውን አቧራ የሚያውቅ ሰው ያውቀዋል።

ጌሙን ጉደር ካምፓስ የሚማር ጓደኛዬ በሃርድ ዲስክ አመጣልኝ። ፈረስ ላይ ሆነህ ጎራዴ ይዘህ የምትዞርበት ነው። ሜዳ አለው፣ ወንዝ አለው፣ ሳሩ በነፋስ ይተኛል፣ የፈረሱ ጋማ ይበተናል። እንግዲህ ይሄን ምዕራብ ሸዋ ውስጥ ከፍተህ አስበው። ኳስ ጌም ያለው ቤት ሁሉ ባዶ ሆነ። ከደንዲ ጤፍ ጭነው የመጡ ገበሬዎች ሳይቀሩ በር ላይ ቆመው ፈረሱን ይገመግሙ ነበር። «እግሩ ጥሩ ነው፣ አንገቱ ግን አጭር ነው» ይላሉ። ሦስት ቀን ንጉሥ ሆንኩ።

በአራተኛው ቀን ፈረሱ ተንተባተበ። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት እንደ ውሃ ይሄዳል። ከዚያ አንድ እግሩን ያነሳና እዛው ይቀራል፤ ትቆጥራለህ፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ከዚያ ዘሎ ሌላ ቦታ ይገኛል። ስታክ አደረገ እንላለን እኛ። ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ።

«ግራፊክሱ ከብዶት ነው» አለኝ። «ሴቲንግ ውስጥ ግባና ሼዶውን ቀንሰው።»

ገባሁ። ሴቲንጉ ውስጥ ያለው ነገር! ሼዶው አለ፣ ሳር አለ፣ ውሃ አለ፣ የሩቅ ዛፍ አለ፣ ትርጉሙን ማንም የማያውቀው አስር ነገር አለ። ሁሉም ሎው፣ ሚዲየም፣ ሃይ፣ ከዚያም በላይ አለው። ሼዶውን አጠፋሁ። ጥላ ጠፋ። ያኔ መብራት ሄደ፣ ከሰዓት በኋላ ተመልሶ መጣ፣ ከፈትኩት፣ ፈረሱ እንደ ጥይት! በቃ፣ ጥፋቱ የጥላው ነበር አልኩ። ደብተር ገዛሁና ጻፍኩ፤ «ጥላ ጠፍቶ፣ ሌላው ሃይ፤ ሠራ።»

ግማሽ ሰዓት ቆይቶ ስታክ አደረገ።

ሳሩን ቀነስኩ። ምንም። ውሃውን ቀነስኩ። ምንም። ተናድጄ ዘግቼ ምሳ በላሁ፣ ተመልሼ ስከፍተው ሠራ። ምን ነክቼ? ምንም! ደብተሬ ላይ «ውሃ ሎው፤ ከምሳ በኋላ ሠራ» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ያንኑ ሴቲንግ አንድ በአንድ መለስኩት፣ እንቢ አለ። ጠዋት የሚሠራው ከሰዓት አይሠራም። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚሠራው መብራት ሳይሄድ ሲውል አይሠራም። መብራት ሲሄድ አምቦ ሁሉ ይራገማል፣ እኔ ብቻዬን ደስ ይለኝ ጀመር። ሰው እንዲህ ይሆናል? ደብተሩ ግማሽ ደረሰ። ስታነበው የጠንቋይ ደብተር ነው የሚመስለው።

ዋናው ሳቅ ደግሞ ከአንድ ባለጋሪ ነው የመጣው። ሰውዬው በአባቴ ዕድሜ ነው። ዕቃ ካራገፈ በኋላ ፈረሱን በራችን ላይ ያቆምና፣ የላበ ጀርባው ላይ ጆንያ ጣል አድርጎለት፣ ጌሙን ያያል። አይጫወትም፣ ያያል። ሳሩን ሙሉ በሙሉ ያጠፋሁ ቀን ሜዳው እንደ ጭቃ ቤት ወለል ተላጨ።

«ፈርዲ ኩን ማል ኛታ?» አለ። ያልሰማ እንዳይቀር ደግሞ በአማርኛ፣ «ኢንጂነር፣ ይሄ ፈረስ ምን ይበላል?»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

«ጋሼ፣ ጌም ነው እኮ!»

«ጥላም የለውም። ጥላ የሌለው ፈረስ ጋኔን ነው። እኔ ብሆን አልቀመጥበትም።»

ሰው መቅረት ጀመረ። እትዬ ሐሙስ ዕለት መጡና በሩ ላይ ቆሙ። «ያ ጉርባ፣ ማል ታኤ? ምንድነው የሆነው?» አሉ። በኦሮምኛ ሲጀምሩ ነገር እንዳለ አወቅሁ። «እስከ ቅዳሜ ገበያ ካልተስተካከለ ማሽኑን ለወንድሜ እመልሳለሁ። ክፍሏን ለእህል ማስቀመጫ የሚፈልጓት አሉ።»

ገባችሁ? ክፍሏ ከሄደች ኢንጂነሩ ሄደ። ተመልሼ አጥሩ ጋ ነኝ። አርብ ቀኑን ሙሉ ሴቲንግ ውስጥ ዋልኩ። ጥርሴን ነክሼ ሁሉንም ሎው አደረግኩት። ስክሪኑን ራሱ አሳነስኩት። ፈረሱ ላይ ያለው ሰውዬ ፊት አጣ፣ አፍንጫውና አፉ አንድ ሆነ። ዛፉ ዱላ ሆነ። ወንዙ የተዘረጋ ሰማያዊ ሸራ ሆነ። ከዚህ በላይ ምን ልቀንስለት? እኔ ነኝ የቀረሁት።

ቅዳሜ ደረሰ። ገበያው ሞልቷል፣ ክፍሏም ሞላች፣ እትዬም መጥተው በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ከፈትኩት። ሃያ ደቂቃ ሄደ። ከዚያ ያ ፊት የሌለው ሰውዬ፣ ያ ጥላ የሌለው ፈረስ፣ ያ ሳር የሌለው ሜዳ፣ ሁሉም ቀጥ አሉ።

«አረፈ» አለ አንዱ።

«ነፍሱን ይማር» አለ ሌላው።

እትዬ ክፍሏን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ በዓይናቸው ለኩ። ያ ነው የገደለኝ።

ባለጋሪው አልሳቀም። ጎንበስ ብሎ እጁን ከሳጥኑ ልብስ ስር አስገባ፤ ልክ የፈረስ ብብት እንደሚዳብስ። ወዲያው እጁን ነጠቀ። «ይሄ ነገር ያተኩሰዋል!» አለኝ። «ምን ሆነህ ነው ያለበስከው?»

«ይለብሳላ!»

«አንተ ልጅ፣ ፈረስ ጆንያ የሚለብሰው ከጋሪ ሲፈታ ነው። እየሮጠ እያለ ብርድ ልብስ የሚያለብሰው ማነው?»

ከዚያ ከፋዩን ገፈፍኩት። ከስሩ ላስቲኩ፣ ከኋላ በኩል ነፋስ በሚወጣበት ቦታ፣ ቀልጦ ተጣብቋል። በጥፍሬ ላጥኩት። ሙቀቱ እንደ ዳቦ ምድጃ ፊቴን መታኝ። አንዱ በካርቶን ያራግብ ጀመር፣ ሌላው በሩን በረገደው። ትንሽ ቆየንና ከፈትኩት። ሄደ! ሳሩን መለስኩ፣ ሄደ። ውሃውን ሃይ አደረግኩ፣ ወንዙ ፀሐይዋን ያዘ። መጨረሻ ላይ ሼዶውን አበራሁ፤ ጥላው ከፈረሱ እግር ስር ወጣና ሜዳው ላይ ተዘረጋ። ባለጋሪው አጨበጨበ። «አሁን ፈረስ ሆነ!» አለ። እትዬ «ጃባዱ፣ በርታ» አሉኝና ጥርሳቸው ታየ።

አንድ ሰዓት ያህል ኢንጂነር ነበርኩ።

ከዚያ ሽታ መጣ፤ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል። ስክሪኑ ጠቆረ። ማብሪያውን ተጫንኩ፣ ደግሜ ተጫንኩ፣ የለም።

«ልብሱን ማነው ያወለቀው?» አሉ እትዬ ብድግ ብለው።

«እኔ ነኝ።»

«ያ ጎፍታ ኮ፣ ጌታዬ! ይኸው፣ እርቃኑን አስቀመጥከውና አቧራ ገደለው። ስንት ቀን ለብሶ አልሞተም፣ ባወለቅከው በሰዓቱ ሞተ!»

«ኧረ እትዬ፣ ትኩሳቱ ነው» አለ ባለጋሪው። «ቀድሞ ነው የተጎዳው።»

«አንተ ስለ ፈረስ አውራ!»

ከዚያ ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። ክፍሉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ኢንጂነሩ ይፍረድ ነው። ምን ልበል? ለብሶ ይሠራ ነበር፣ አውልቄው ሞተ፤ በዓይኔ አይቻለሁ። ለብሶ ይንተባተብ ነበር፣ አውልቄው ጋለበ፤ ይሄንንም በዓይኔ አይቻለሁ። ደብተሬን ገለጥኩ። ጥላ፣ ሳር፣ ውሃ፣ ሎው፣ ሃይ። ስለ ልብስ አንድ መስመር የለም።

«አላውቅም» አልኩ።

በሳምንቱ ክፍሏ ውስጥ ጆንያ ተደረደረ። ሳጥኑ ከፋዩን ለብሶ፣ እትዬ ጭን ላይ ሆኖ፣ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። ወንድማቸው ከፍቶ ምን እንዳገኘ የነገረኝ ሰው የለም። ባለጋሪው አሁንም ያልፋል፣ «ኢንጂነር» ብሎም ይጠራኛል። ይቀልድ አይቀልድ እንጃ።

የማውቀውን አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ። ትምህርት ቤታችን የኮምፒውተር ክፍል ነበረው። ቁልፉ ከአንድ ሰው ኪስ አይወጣም። በዓመት አንዴ ተሰልፈን ገባን፣ በመስመር የተደረደሩ ነጭ ልብስ የለበሱ ነገሮች አየን፣ «አትንኩ» ተባልን፣ ወጣን። የቀረውን መምህሩ በጠመኔ አስተማረን። ሰሌዳው ላይ ሳጥን ሳለ፣ እኛም በማስመሪያ ደብተራችን ላይ ሳልን። ፈተና ላይ «ኮምፒውተር እንዳይበላሽ ምን ይደረጋል?» የሚል መጣ። «ይለብሳል» ብዬ ጻፍኩ፣ ራይት አገኘሁ። ስለ ሙቀት የጠየቀን የለም። የእኔ እውቀት ያቺ «ይለብሳል» ናት። እትዬ ቤት ይዣት የሄድኩት እሷን ነው።

እና እናንተ የትምህርት ቤታችን ሰዎች፣ ክፍሉን ቆልፋችሁ ልብስ የሰፋችሁለት፣ ራይት የሰጣችሁኝ፦ እኛ ካልገለጥነው፣ ያንን ሁሉ ማሽን ለማን ነበር አልብሳችሁ የምታስቀምጡት?